«ጊቭ ሚ ፓስፖርት!» ያለችው ልጅ ባለጌ ናት እንዴ?

በዚህ ሳምንት ስለከዳ ፍቅረኛም ሆነ ስለነዝናዛ አማት አላወጋችሁም። የማወጋችሁ ስለመጠየቅ ነው። ሰው ከሰው አንድ ነገር ሲፈልግ እንዴት ብሎ ይጠይቃል? ተጠያቂው ፈረንጅ፣ የሚጠየቅበትም ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆንስ? ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው እንዳትሉኝ። በዚህ የተነሳ እንጀራዋን ልታጣ የነበረች ልጅ አውቃለሁ።

የምኖረው ኦሎምፒያ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ስትወጡ ማለት ነው። መቼም የእኛ አካባቢ ስሙ እንኳ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ኦሎምፒያ የግሪክ ነው። ካዛንቺስ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች የቀረ ስም ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ሲፈርስ ስሙ ግን ቆሟል። ወዲያ ማዶ ያለው ለገሃር ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ባቡር ጣቢያ» ማለት። በዚህ ሁሉ መሀል የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. ተጨምሮ፣ ሰፈራችን የእንግዳ መተላለፊያ ከሆነ ስንት ዘመኑ! ኤምባሲው፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ ፔንሲዮኑ፣ የእንግዳ ማረፊያው እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይፈልጋል። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ታዲያ በእንግሊዝኛ ነው እንጀራ የሚጋግረው።

እኔም ከዚሁ ብዙ ሳልርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 19 ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ስልክ ሳነሳ፣ ደብዳቤ ስጽፍ፣ የፈረንጅ አለቃ ስሸኝና ስቀበል ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ለዚህ ነው ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ፣ ይቺን ደብዳቤ እስቲ እይልኝ» እያለ ቤቴ የሚመጣው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልውሰዳችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ 23 ዓመቷ ነው። በትህትናዋ የምታስቀና ልጅ ናት ብላችሁ አጋነነች እንዳትሉኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ የምትል፣ ዕቃ ስትቀበል በሁለት እጇ የምትቀበል፣ ስትጠራ «አቤት» እንጂ «ምን» የማትል፣ በዚህ ዘመን እየጠፋ ያለ ዓይነት ልጅ። በሆቴል ሙያ ሠልጥና ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ (ስሙን ልተወው) እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። እናቷ ደስ ብሏት ቡና አፍልታ ጠራችን።

አንድ ወር እንኳ አልሞላትም፣ አንድ ማታ ዓይኗ ቀልቶ በሬን አንኳኳች። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ አስጠንቅቋታል። ለካ አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ኢንተርኔት ላይ ጽፋባታለች። አልጋው ጥሩ ነው፣ ቁርሱ ጥሩ ነው፣ እንግዳ ተቀባይዋ ግን ሰውን እንደ ወታደር ታዛለች ብላ! ሌላም እንግዳ ቀደም ብሎ «ሩድ» ናት ብሎ ነበር አሉ። ሩድ ማለት እንግዲህ ባለጌ፣ ሥርዓት የሌላት ማለት ነው። ልጅቷ ደግሞ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ደህና ሁኚ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኳቸው?» አለችኝ። «ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የተቀበልኳቸው!»

«እስቲ ምን ምን እንዳልሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። «ጊቭ ሚ ፓስፖርት»፣ «ሳይን ሂር»፣ «ዌይት»፣ «ዩ ማስት ፔይ ናው»። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። ልቅሶዋ ላይ እንዴት ይሳቃል?

አሁን አንባብያን፣ ልጅቷ በልቧ ያለችውን በአማርኛ ስሙት። «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ትንሽ ይጠብቁኝ። ሂሳቡን አሁን መክፈል ይጠበቅብዎታል።» ይኼ ምን ነውር አለው? አንድም! ምክንያቱም አማርኛችን አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ግሡ ላይ ነው። «ስጪኝ» እና «ይስጡኝ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ፓስፖርትዎን» ላይ ያለችው «ዎ» ብቻዋን ባርኔጣ አንሥታ እጅ ትነሳለች። «ይፈርሙልኝ» ላይ ያለችው «ልኝ» ደግሞ «ለእኔ ብለው» እያለች ታለሳልሰዋለች። ልጅቷ ይኼን ሁሉ ይዛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር፣ «ዎ» እና «ልኝ» ድንበር ላይ ተያዙባት። እንግሊዝኛው ማስቀመጫ የለውማ! «ይስጡኝ» ያለችው «ስጪኝ» ሆኖ ወጣ። በአማርኛ አንቱ ያለቻት ሴትዮ በእንግሊዝኛ አንቺ ተባለች። አጎንብሳ በሁለት እጇ መቀበሏንስ ፈረንጇ የት ታውቀዋለች? ጆሮዋ የሰማው «ጊቭ ሚ» ነው፤ አለቀ።

ለነገሩ እንግሊዞችም ድሮ እንደኛ ነበሩ። «ዛው» የሚሉት «አንተ»፣ «አንቺ» ነበር፤ «ዩ» ደግሞ «እናንተ»፣ ኋላም «እርስዎ» ሆኖ አገልግሏል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ «ዛው» ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደና «ዩ» ብቻውን ቀረ። እንግዲህ ወይ ሁሉንም ሰው አንቱ ይላሉ፣ ወይ ማንንም አይሉም፤ የፈለጋችሁትን ውሰዱ። ዋናው ነገር አክብሮታቸውን ሌላ ቦታ መደበቃቸው ነው። የት? በጥያቄ ውስጥ! እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው የጨዋ ወግ አድርጎ የሚቆጥረው፣ የምትጠይቀውን ሰው «እምቢ» የሚልበት ቀዳዳ ስትተዉለት ነው። እምቢ እንደማይል ብታውቁም እንኳ ቀዳዳውን ትተዉለታላችሁ። «ኩድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ»፣ «ኩድ አይ» የሚባሉት ሁሉ ቀዳዳዎች ናቸው።

ትምህርት ቤት ይኼን አላስተማሩንም ልበል? አስተምረውናል፤ ግን እንደ ሠንጠረዥ! ካን — ኩድ፣ ዊል — ዉድ፣ ሜይ — ማይት እያልን በቃል አነበነብናቸው። ኩድ ያለፈ ጊዜ ነው ተባልን። ስለዚህ «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ?» ሲባል የአብዛኛው ተማሪ ጭንቅላት «ልትረዳኝ ትችል ነበር?» ብሎ ይተረጉመዋል። የምን ነበር? ትናንት ነው? እያለ ግራ ይገባዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ጨው አቀብሉኝ ማለት ግን ያቅተዋል!

መድኃኒቱ ግን ከቤታችን አለ። እኛም እኮ በዚያው ዘዴ እንጠይቃለን። አንድ ትልቅ ሰው ጋ ሄዳችሁ ከባድ ነገር ስትጠይቁ «ይስጡኝ» ትላላችሁ? አትሉም። «እንደው ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት ለጊዜው 500 ብር ቢያበድሩኝ…» ብላችሁ ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱት ትተዉታላችሁ። ያቺ «ቢ» ናት «ኩድ»! «አንድ ነገር ላስቸግርዎት ፈልጌ ነበር» ትላላችሁ፤ አሁን ፈልጋችሁ ሳለ «ነበር» የምትሉት ለምንድን ነው? ለማለሳለስ ነዋ! ፈረንጁም «አይ ዎንትድ ቱ አስክ ዩ» የሚለው በዚያው ዘዴ ነው። ኀላፊ ጊዜ ነገሩን ትንሽ ራቅ ያደርገዋል፤ ራቅ ያለ ነገር ደግሞ አይጫንም።

ልጅቷን ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው ቤቴ እየመጣች አለማመድኳት። እኔ ፈረንጅ፣ እሷ እንግዳ ተቀባይ። የረከቦቱ ጠረጴዛ ደግሞ ካውንተር። «መጀመሪያ ለአባትሽ ጓደኛ እንደምትዪው በአማርኛ በዪው» እላታለሁ። «ፓስፖርትዎን ቢሰጡኝ» ትላለች። «አሁን ‹ቢ›ዋን ይዘሽ ተሻገሪ!» «ኩድ አይ ሲ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊስ?» ጎሽ! «ትንሽ ቢጠብቁኝ» የሚለው «ኩድ ዩ ዌይት ኤ ሞመንት፣ ፕሊስ?» ሆነ። «ዩ ማስት ፔይ ናው» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አስጣልኳት። «ማስት» የዳኛና የሐኪም ቃል ነው። እንግዳ ላይ አይወጣም። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ፔይ ናው?» አስባልኳት።

ሦስተኛው ማታ ላይ አመጸችብኝ። «እትዬ፣ ይኼ እኮ ልመና ነው! ፓስፖርት ማሳየት ግዴታው ነው። ግዴታውን ለምንድን ነው ‹ማየት እችል ይሆን?› የምለው? አይ፣ አትችይም ቢለኝስ?»

እውነት ለመናገር ጥያቄዋ ደስ አለኝ። እኔም ጥያቄ ጠየቅኳት። «የእድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ እናንተ ቤት ሲመጡ ምን ይላሉ?» አሰበችና ሳቀች። በወር አንድ ጊዜ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ይቆሙና «እንደው ላስቸግራችሁ፣ የወሩን ነገር…» ነው የሚሉት። የእድር ክፍያ ግዴታ አይደለም እንዴ? ያልከፈለ ይቀጣ የለም? ሰብሳቢው እየለመኑ አይደለም፤ እኛም ሳንከፍል እንዳናሳልፍ ያውቃሉ። ያቺ «ላስቸግራችሁ» የምትባለው ማንም ማንንም እንዳላዘዘ ለማስመሰል ናት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

እዚህ ላይ ግን ስለ «ፕሊስ» አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛ ትህትና ማለት ፕሊስ መደርደር ይመስለዋል። ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ፕሊስ ብትለጥፉበት ትእዛዝነቱ አይቀርም። «ሲት ዳውን ፕሊስ» የመምህር ንግግር ነው። ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ የሰፈራችን ወጣት ለቀድሞ አለቃው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ኢሜይል ሊልክ አሳየኝ። በስድስት መስመር ውስጥ አምስት ፕሊስ እና አራት ሰር! «ልጄ፣ ይኼ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው እንዴ?» አልኩት። አንድ ፕሊስ ትተን አራቱን ነቀልናቸው። በምትኩ «ዉድ ዩ ቢ ኤብል ቱ ራይት» ብለን ጻፍን፤ ደብዳቤው ለምን እንደሚያስፈልገውና እስከ መቼ እንደሚፈልገው ጨመርን። ፈረንጅ ምክንያቱን ስትነግሩት እንደ ትህትና ይቆጥረዋል። «ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የምትለዋን የቢሮ አማርኛ ሊተረጉማትም ነበር። እሷንም አስወጣኋት። አንዳንድ እንግሊዝኛ አንባቢ «ገና እሺ ሳልል ምስጋናው ምን አስቸኮለው?» ይላል። እኛ ዘንድ ማክበር የነበረው እዚያ መጫን ይሆናል።

ደግሞ «ዩ» ራሷ አለች። ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር በመኪና የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። የእረኛ ልጆች ፈረንጅ ሲያዩ «ዩ! ዩ! ዩ!» እያሉ ይሮጣሉ። ቱሪስቱ ሁሉ ይኼን እንደ ስድብ ቆጥሮት ይሄዳል። ልጆቹ ግን «አንተ! አንተ!» ነው ያሉት፤ አማርኛውን ነው የተረጎሙት። የገጠር ልጅ ጓደኛውን ማዶ ለማዶ «አንተ!» ብሎ አይደል የሚጠራው? ቀጥሎ የሚመጣው «ጊቭ ሚ ፔን» ደግሞ የልጅቷ «ጊቭ ሚ ፓስፖርት» ታናሽ ወንድም ነው። ከተሜውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በአማርኛ ሰው ስንጠራ ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ እህቴ አለን። በእንግሊዝኛ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ «ይቅርታ» እንደማለት ነው። ብራዘር፣ ሲስተር ማለት ግን ለብዙ ፈረንጅ ጆሮ እንግዳ ነው፤ ዘመድ ፍለጋ የወጣችሁ ይመስለዋል።

የልጅቷ ነገር ታዲያ ምን ደረሰ? 60 ቀኑ አለፈ፤ አልተባረረችም። ሥራ አስኪያጁ አንድም የምስጋና ቃል አልወጣውም፤ መቼም አለቃ እንደዚያው ነው። ግን አንድ ቀን ደግሞ ግራ ተጋብታ መጣች። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሌፍት ማይ ባግ ሂር?» ይላታል። እሷም ፈገግ ብላ «የስ! የስ!» ትላለች። ሰውዬው ፊቱ ቅጭም ብሎ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ!

እዚህች ላይ ስንቱ ወድቋል መሰላችሁ። «ማይንድ» ማለት ቅር መሰኘት ነው። ሰውዬው የጠየቃት «ሻንጣዬን እዚህ ባስቀምጥ ቅር ይልሻል?» ብሎ ነው። እሷ ደግሞ «አዎ! አዎ!» አለችው፤ እንዴት አይሄድ? በአማርኛ ቢሆን «ኧረ የለም፣ ምን ቅር ይለኛል!» ነበር የምትለው። ስለዚህ እሺታውን የሚገልጸው «ኖ» ነው። «ኖት አት ኦል» ካላችሁ ደግሞ «ኧረ በፍጹም!» ነው። እንዳትሳሳቱ የፈራችሁ ሰዎች «ኦፍ ኮርስ፣ ፕሊስ ዱ» ብላችሁ በእጃችሁ ቦታውን ብታሳዩ ተገላገላችሁ። ልጅቷ ለሰውዬው ማታ ሲመለስ አስረዳችው። ከት ብሎ ሳቀና ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ። አገራቸው እርሻ ያላቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጥሩ ሰው ናቸው። (አያችሁ፣ አሁን አንቱ አልኳቸው።)

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንም ከዚሁ ጋር የሚሄድ አበሳ አላቸው። ዋሽንግተን የሄደ የዘመዴ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንቱን ነገረኝ። አብሮት የሚማር አሜሪካዊ ቤቱ ይወስደውና «ዉድ ዩ ላይክ ሰምሲንግ ቱ ኢት?» ይለዋል። የእኛ ጨዋ፣ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ «ኖ ሳንክ ዩ» ይላል። ሁለተኛ እስኪለመን እየጠበቀ ነው! አሜሪካዊው «ኦኬ» ብሎ ብቻውን ሳንድዊቹን ገመጠ። ልጁ እያየ ዋለ። እኛ አገር የመጀመሪያው «አይ፣ በቃኝ» መልስ አይደለም፤ መግቢያ ነው። እዚያ ግን «ኖ» ካላችሁ ኖ ነው። ሁለተኛ መጠየቅ እንደ መጫን ይቆጠራል። የራባችሁ እንደሆነ በመጀመሪያው «የስ፣ ፕሊስ» በሉ፤ ማንም ሆዳም አይላችሁም።

ያ ባለሻንጣ ሽማግሌ ታዲያ ለገና አዲስ አበባ ነበሩ። ልጅቷ እናቷን አስፈቅዳ ቤት ጋበዘቻቸው፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ዶሮው ቀረበ። ሽማግሌው በእጃቸው ሞክረው ሞክረው ጥቂት ቀማምሰው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። እናቲቱ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ጉርሻውን ይዛ ቆመች። ልጅቷ ተምራ የለ? በለሰለሰ ድምፅ «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ሞር?» አለቻቸው። «ኖ ሳንክ ዩ፣ ኢት ዎዝ ደሊሸስ» አሉ፤ ሆዳቸውን እየዳበሱ።

«ምን አለ?» አለች እናቲቱ፤ እጇ እንደተዘረጋ ነው።

«ጠግቤያለሁ፣ በጣም ይጥማል ነው የሚሉት፣ እማዬ።»

«ውሸቱን ነው! ምን በላና? በሞቴ በይልኝ!»

«እማዬ፣ እሱ በእንግሊዝኛ አይባልም።»

«እንዴት አይባልም? አፈር ስሆን በይው!»

ልጅቷ ወደኔ ዞረች፤ እኔ ዓይኔን ወደ ቡናው መለስኩ። በሞቴን በ«ኩድ ዩ» የሚያሻግር ሰው ካለ ይምጣ። ሽማግሌው ግን እናትና ልጁን ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ሦስት ጎረሱ።